ማሻ ላይ የተሞላው ጎማ

በጥር የመጨረሻው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሚዛን ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ጎሚስታ ቤት የተከራየሁት መኪና አራቱም ጎማ ንፋስ ተሞላ። የሞላችው ሴት ናት። አርባዎቹን የጀመረች ትመስላለች፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች። ወደ ቴፒ እንደምንወርድ ከሹፌሩ ከዳዊት ስትሰማ ቱቦዋን እየጠቀለለች አንድ ማሳሰቢያ ሰጠችው።

«ታች ስትደርስ ጎማው ቢግልብህ እንዳታስተነፍሰው። ንፋሱ አልጨመረም። ሙቀት ሲያገኘው ይራገጣል፣ ሌላ ነገር የለም።»

ዳዊት ሳቀ። «እቱ፣ ንፋስ ደግሞ ይራገጣል እንዴ?»

«አንተ ውስጡ ገብተህ ስላላየኸው ነው።»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ያን ማሳሰቢያ በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ መስማቴ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ማሻ ላይ፣ ጋሽ አዴሎ ከሚባሉ ጎሚስታ አፍ ሲሆን ከአርባ ዓመት በላይ አልፎታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት።

«አባቴ ነዋ።»

«አባትሽ ማን ይባላሉ?»

«አዴሎ። ያውቁታል እንዴ ጋሼ?»

ከጓሮ በኩል፣ ከአሮጌ ጎማዎች ክምር አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ በወንበር ተቀምጠው ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አስቀምጠውታል። አየኋቸው። «ስማቸውን ሰምቻለሁ» አልኳት። ከዚያ ዳዊትን «እንሂድ» አልኩት። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር።

በጋዜጠኝነት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጻፍኩት ነገር ስህተት ሆኖ ሲገኝ እርማት አውጥቻለሁ፤ የሰው ስም ሳሳስት፣ የቀበሌ ቁጥር ሳሳስት፣ የሞተውን ቆስሏል ስል። ያላወጣሁት እርማት አንድ ብቻ ነው። እሱም የእኚያ ሽማግሌ ነው። ከማሻ ወደ ቴፒ ይወርድ የነበረ የቡና መኪና ጎማ ፈንድቶ ተገለበጠ፤ ጥፋቱ እሳቸው ላይ ተጣለ፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው አልነበረም። ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህንንም ይዤ፣ ከወንበራቸው ሃያ እርምጃ ላይ ሆኜ፣ «ስማቸውን ሰምቻለሁ» ብዬ አለፍኩ።

ዳዊት ሬዲዮውን ከፈተ። መንገዱ ዛሬ ደህና ነው፤ ያኔ ግማሽ ቀን ይወስደን የነበረውን ዛሬ ሻይ ሳይበርድ በሚባል ጊዜ ይጨርሱታል። በግራ በቀኝ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ በየደጁ ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ባጃጅ በየመታጠፊያው ይወጣል። እኔ ግን በሐሳቤ ማሻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ማሻ ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንገድ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ከአምስት እርምጃ ማዶ ያለ ሰው አይታይም፣ ሳሉ ብቻ ይሰማል። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቤልቦተም ሱሪ ለብሻለሁ፤ ጫፉ ጭቃ ይጠርጋል። ጎፈሬዬ ጉሙን ተሸክሞ ግንባሬ ላይ ያንጠባጥባል። ሸሚዜ አንገቱ ትልቅ፣ አበባ ያለበት፣ ከመርካቶ ስገዛው ነጋዴው «ይሄ ለጋዜጠኛ ነው» ብሎ ያሞኘኝ ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ አልጋ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ አልጋውን የምታከራየው ሴት ብርድ ልብስ ለመጨመር ሃያ አምስት ሳንቲም ትጠይቃለች፣ ማሻ ደግሞ ብርድ ልብስ ሳይጨምሩ የሚታደርበት አገር አይደለም። በየሻይ ቤቱ ካሴት ይጮኻል። አንዲት ዘፈን ነበረች፣ ጠዋትም ማታም የማትታክት፤ ዜማዋን ዛሬም ከነመሣሪያው እወጣዋለሁ፣ የዘፋኙ ስም ግን ጠፍቶብኛል። ገበያ ሲሆን የጫካ ማር በቅል ይመጣል፣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል። ጋዜጣው የላከኝ የዚያን ዓመት የቡና ለቀማ እንድዘግብ ነበር። ዘመኑ ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነው፤ ስለ ስብሰባው አላወራም።

ወደ ቴፒ የሚወስደኝ መኪና ያገኘሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ጀንፈል ቡና እስከ አናቱ የጫነ፣ ሹፌሩ ጋሽ በቀለ የሚባል ደንዳና ሰው፤ በዚያ መስመር ላይ የሱን ያህል ቀልደኛ አልነበረም። «ጋቢና ትገባለህ፤ ግን ጋዜጣው ላይ ፎቶዬን ታወጣለህ» አለኝ። «ፎቶ አንሺ አይደለሁም» ስለው «እንግዲያው ጻፈኝ፤ ቆንጆ ነው በል» አለ። ከመነሳታችን በፊት ጎማ ለማስሞላት ወደ ጋሽ አዴሎ ዘንድ ሄድን። ቤታቸው ከአደባባዩ ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው ዝጎ ቀይ የሆነ፣ ደጁ ላይ በኖራ የተቀባ የመኪና ጎማ የተተከለበት። ጋሽ አዴሎ የዚያው የማሻ ሰው ናቸው፤ ጅማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ መጠገን ተምረው የተመለሱ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ቃሉን እንደ ብሎን አንድ በአንድ ያጠብቁታል። ግድግዳው ላይ ጌጅ የሚሉት የግፊት መለኪያ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በምስማር ተሰቅሏል። ሲያወርዱት እጃቸውን ይጠርጋሉ።

የፊት ግራውን ሞሉ። ጌጁን አሳዩኝ፤ ሰማንያ አምስት ይላል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ያኔ የማየውን ሁሉ እጽፍ ነበር።

«በቀለ፣» አሉ፣ «ዛሬ እንኳ መንገድ ላይ አታስተንፍሰው።»

ጋሽ በቀለ ወደኔ ዞረ። «ይኸውልህ፣ እሱ ንፋስ ሲሸጥ ይኖራል፣ እኔ ንፋሱን ስደፋ እኖራለሁ። ሁለታችንም ልጆች አሳድገንበታል።»

ማስተንፈስ ማለት ይህ ነው። የዚያ መስመር ሹፌሮች ከብርዱ ወርደው ሙቀቱ ሲጀምር ጎማውን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ግሎ፣ ድርቅ ብሎ ያገኙታል። ቆላ ሲገባ ንፋሱ ውስጥ ለውስጥ ይበዛል፣ ካልቀነሱለት ይፈነዳል የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ የጌጫን ከተማ አልፈው ቁልቁለቱ መሀል አንድ ምንጭ አጠገብ ይቆማሉ፤ ቦታውን ራሱን «ማስተንፈሻ» ይሉታል። ከቁልፋቸው ጋር የታሰረ ምስማር አለ፤ በዚያ የጎማውን አፍ ተጭነው ንፋሱን ያወጣሉ። የሚለኩት በጌጅ ሳይሆን በቁጥር ነው፤ እስከ መቶ ቆጥሮ መልቀቅ። አዲስ ሹፌር መስመሩን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያሳዩት ይህን ነው። እኔ እስከማውቀው ከጋሽ አዴሎ በቀር የተቃወመው አልነበረም።

ጋሽ አዴሎ ያን ጠዋት ለኔ ለእንግዳው ሊያስረዱ ፈለጉ። ከጤና ጣቢያ ያገኙት ትልቅ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበራቸው፤ አፉ ላይ የሐኪም ጓንት አጠለቁና በክር አሰሩት። ጓንቱ ተልፈስፍሶ ወደ ጎን ወደቀ። ጠርሙሱን የፈላ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሲያስቀምጡት ጓንቱ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ።

«ጋዜጠኛ፣ ሰላም በለው እንጂ!» አለ ጋሽ በቀለ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ አዴሎ አልሳቁም። ጠርሙሱን አውጥተው የምንጭ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ጓንቱ ወደቀ። «ንፋስ ጨመርኩበት? አልጨመርኩበትም። ቀነስኩበት? አልቀነስኩበትም። ያው ንፋስ ነው። ሲሞቅ ይራገጣል፣ ሲበርድ ይተኛል። ጓንቱ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ንፋሱ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ጎማ አይለጠጥም። ስለዚህ ውስጡ ሆኖ ግድግዳውን ይገፋል። ጎማ የሠራው ሰው ይሄን ያውቃል፤ ለግፊቱ አስቦለታል።» ቀጥለው የብስክሌት ፓምፕ አመጡና አፉን በአውራ ጣቴ እንድደፍን አደረጉኝ። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ጣቴን ገፋኝ፤ ይበልጥ ሲጫኑት ይበልጥ ገፋኝ፣ የፓምፑም ገላ ሞቀ። «ቦታ ብትነሳው ይገፋሃል፣ ሙቀት ብትሰጠውም ይገፋሃል» አሉ። «አሁን ስማኝ። በሙቀት ጊዜ ብታስተነፍሰው ምን ይሆናል? ንፋሱ ያንሳል። ጎማው ጭነቱን መሸከም ያቅተዋል፤ በዞረ ቁጥር ይጎብጣል፣ ይቃናል፣ ይጎብጣል፣ ይቃናል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጥፍ አይግልም? መጨረሻ አይበጠስም? ጎማም እንደሱ ነው። ሹፌር ጎማ እንዳይፈነዳ ብሎ ያስተነፍሳል፤ የሚያፈነዳው እሱ ራሱ ነው።»

ይህንንም ጻፍኩት። ገጽ ሙሉ ነው። ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ።

ጌጫን አልፈን ማስተንፈሻው ጋ ስንቆም አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። ጋሽ በቀለ ወገቡን ያመው ነበር። የቋጠረውን ዳቦ አውጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቁልፉን ወረወረልኝ። «ጋዜጠኛ፣ ቁጭ ብለህ ከምትጽፍ ዛሬ አንዴ ሥራ ሥራ። የፊቶቹን ብቻ። እስከ መቶ ቁጠር።»

እንቢ ማለት እችል ነበር። ጋሽ አዴሎ ያሉትን ላስታውሰው እችል ነበር፤ ያንኑ ጠዋት የሰማሁት ነው። አላልኩም። ቁልፉ ሲወረወርልኝ ደስ አለኝ፤ ከእነሱ እንደ አንዱ የቆጠረኝ መሰለኝ። ከግራው ጎማ አጠገብ ተቀምጬ ምስማሩን ተጫንኩት። የሚያፏጨው ንፋስ ጣቴን አቀዘቀዘው። መቶ ደረስኩ። ጎማው አሁንም ግሏል። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ነገር በእርግጠኝነት ካልሆነ አልወድም። እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ። ወደ ቀኙ ዞሬ ስጀምር ጋሽ በቀለ «አንተ፣ ጎማውን ጡት እያጠባኸው ነው እንዴ? ና እንጂ!» ብሎ ጮኸ። የቀኙን ሃያ ሳልሞላ ተውኩት። ስንት እንደቆጠርኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ቴፒ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ የፊት ግራው ፈነዳ። ጋሽ በቀለ እንደ ልማዱ የግራ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ካሴቱ ላይ ያለውን ዘፈን ይከተል ነበር። መኪናው ወደ ግራ ተጎተተ፣ የመንገዱን ዳር ሳተ፣ በሹፌሩ ጎን ተኛ። እኔ እሱ ላይ ወደቅኩ። ከጉልበቴ ጭረት በቀር አልተጎዳሁም። እሱ ክንዱ ከበሩ ሥር ነበር። ቡና ለቃሚዎች ከየጥላው ሮጠው መጡ፤ ጀንፈሉ መንገዱን ሞልቶት እየረገጡት ሲመጡ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው። በቃሬዛ አንስተው ሲወስዱት «ያ አዴሎ፣ ያ አዴሎ አብዝቶ ሞልቶት» ይል ነበር። ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ።

ቴፒ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሃምሳ አለቃ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ቃሌን ተቀበለኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ውሃ ሰጠኝ። ስሜን ጠየቀ፣ ሥራዬን ጠየቀ። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስተካክሎ ያዘ። ከዚያ «መንገድ ላይ ጎማውን የነካ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ያልኩት ይህን አንድ ቃል ነው። ሸሚዜ ላይ የጋሽ በቀለ ደም ነበር። ፈርቼ ነበር ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፣ ግን ሁሉም አይደለም። ፍርሃቱ ማታውን ለቆኛል፤ ቃሉን ግን በማግስቱም አላነሳሁትም። ለጋዜጣው በስልክ ያስተላለፍኩት ዜና አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። አራተኛው «የአደጋው መንስኤ ጎማው ማሻ ላይ ከመጠን በላይ ንፋስ በመሞላቱ መሆኑ ተገልጿል» ይላል። የገለጸው ፖሊስ ነው። ለፖሊስ የነገረው ጋሽ በቀለ ነው። እያንዳንዱ ቃል ምንጭ ነበረው። በቦታው የነበረ አንድ የዓይን ምስክር ብቻ አልተጠቀሰም፤ እሱም ዜናውን በስልክ የሚያነበው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁርጥራጭ ሰማሁ። ጋሽ አዴሎ ከወር በላይ ታሰሩ። ሲፈቱ የሚያስሞላ ሹፌር ጠፋ። ከዓመት በኋላ ጅማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሹፌሮች ሲያወሩ «ፈንጂው አዴሎ» ሲሉ ሰማሁ፤ ልጆች ገበያ ውስጥ ሲያዩአቸው ጆሯቸውን ይዘው «ቧ!» እያሉ ይሸሹ ነበር፣ በመጨረሻም ማሻን ለቀው ወጡ አሉ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። በሌላ ዓመት ደግሞ ሚዛን ለሥራ መጥቼ አንድ የፊዚክስ መምህር ጋ ምሳ ስበላ፣ የሆነ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኩት። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራልኝ። ሙቀት በዚህ ስሌት የሚቆጠረው ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ነጥብ ሳይሆን ከዚያ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ማሻ ላይ አሥራ ሁለት ዲግሪ የነበረ ጎማ መንገድ ላይ ስልሳ ቢደርስ ግፊቱ አምስት እጥፍ አይሆንም፣ አንድ ስድስተኛ ያህል ቢጨምር ነው። ወደ ቆላ ስትወርድ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ እንዲያውም ጥቂት ዝቅ ያደርጋል አለኝ። ደህና ጎማ ይህን ይችላል። «ሰውየው ግን ምን ሆነ?» አለኝ መምህሩ። «እንጃ» አልኩት። ጋሽ በቀለ በአንድ እጁ ሱቅ ሲነግድ ኖሮ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕመም አረፈ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ለእሱም አልነገርኩትም።

ቴፒ የሄድኩት ለሠርግ ነው። ሠርጉ ዓርብ ዋለ። ሙሽሮቹ ያምሩ ነበር፤ ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ያውቁኛል፣ ለምሳሌነት ለልጆቻቸው ያስተዋውቁኛል፤ «ጋሼ እኮ ያላረጋገጠውን የማይጽፍ ሰው ነው» እያሉ። ቅዳሜ ጠዋት ዳዊትን በጊዜ ቀስቅሼ ተመለስን። ከጎሚስታው ቤት ደጅ ስንቆም አምስት ሰዓት ከአሥር ነበር።

ሽማግሌው እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቆብ አድርገዋል። ጎንበስ ብዬ ስሜን ነገርኳቸው፣ የሥራ ቦታዬን ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ያ ጋዜጠኛ ነህ? ጎፈሬው የት ሄደ?»

«ረገፈ ጋሽ አዴሎ።»

«ማርታ፣ ወንበር አምጪለት። ይሄ ሰው ከጓንት ጋር ሰላም የተባባለ ሰው ነው።»

ሐሙስ ዕለት ጎማውን የሞላችው ልጃቸው ማርታ ወንበር አመጣች። አልተቀመጥኩም። የመጣሁበትን ቆሜ ነገርኳቸው፤ ከቁልፉ መወርወር ጀምሮ እስከ ሃምሳ አለቃው ድረስ፣ በቅደም ተከተል። ማርታ እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ ይዛ ቆማ ሰማች። ስጨርስ ጋሽ አዴሎ የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

«የቱን ጎማ?»

«የፊት ግራውን።»

«ስንት ቆጠርክ?»

«ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶ!» ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አሰቡ። «ስልሳም አልቀረው።»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ጌጁ ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር። ሰማንያ አምስት። እኔም አይቼዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ።»

ቆባቸውን አወለቁ። «ሃምሳ አለቃውን ለምኜ ጠይቄው ነበር፤ መንገድ ላይ አስተንፍሰውት ይሆናል፣ በቀለ ያስተነፍሳል ብዬ። ጋዜጠኛው ማንም አልነካም ብሏል አለኝ። እኔም አሰብኩ። ይሄ ልጅ ሁሉን ነገር ይጽፋል፣ ለምን ይዋሻል? እሱ ካልዋሸ የዋሸኝ ጌጁ ነው አልኩ። ፖሊሶቹ ወስደውት ነበር፤ ሲመልሱልኝ ወስጄ ወንዝ ጣልኩት።»

«አባ ከዚያ ወዲህ ቱቦ ይዞ አያውቅም» አለች ማርታ። የምታየው እኔን አልነበረም። «ሥራውን ያስተማረኝ በአፉ ነው፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ያን ጊዜ እኔ ገና እናቴ ሆድ ውስጥ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሲጸልይ እሰማዋለሁ፤ በጸሎቱ መጨረሻ ሁልጊዜ ‹የዚያን ሰው እጅ አትቁጠርብኝ› ይላል። ጌታን ስለማን እጅ እንደሚለምነው አላውቅም ነበር። ትናንትም ብሏል። እና እርስዎ ሐሙስ ዕለት ‹ስማቸውን ሰምቻለሁ› ብለውኝ ሄዱ?»

«አዎ።»

«ጋሼ፣ እንዴት ቻሉት?»

ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ጋሽ አዴሎ «ወረቀት አለሽ?» አሏት። ከደረሰኝ ደብተሯ ሳይሆን ከልጆቿ ደብተር አንድ ሙሉ ገጽ ቀደደች። «ጻፍ» አሉኝ። «በትልቁ ጻፍ። ሹፌር ቆሞ የሚያነበው።» አሁን ተቀመጥኩ። በጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጀመርኩ፤ «በጥልቅ ጸጸት ውስጥ ሆኜ» ብዬ ስጽፍ ማርታ አነበበችላቸው።

«እሱ ምንድን ነው? አውጣው። የሆነውን ብቻ አስገባ።»

ሰረዝኩት። ከማሻ ተነሥተን ጌጫን ካለፍን በኋላ ከጎማው ብዙ ንፋስ እንዲወጣ መደረጉን ጻፍኩ። ማርታ አነበበች።

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«እንደሱ በላ።»

እንደገና ጻፍኩት። ጎማው ማሻ ላይ በትክክል እንደተሞላ፣ ጌጁ ሰማንያ አምስት ይል እንደነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ እስከ ሁለት መቶ እየቆጠርኩ ያስተነፈስኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ለፖሊስ ማንም አልነካም ብዬ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ። እስክሪብቶዬን ሳነሳ ጋሽ አዴሎ «እጁስ?» አሉኝ። የጋሽ በቀለ እጅ የተቆረጠው በዚህ ምክንያት እንደሆነም ጻፍኩ። ማርታ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። «የይቅርታውን ሌላ ቀን መጥተህ እናወራለን። መጀመሪያ ይሄ ይለጠፍ።»

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ማርታ ወረቀቱን በጎማ ማጣበቂያ የሱቁ በር ላይ ለጠፈችው። ከታች ሙሉ ስሜና ፊርማዬ አለበት። እኔ እዚያ እስከነበርኩበት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ አንብቦታል።